ኮምፒውተሩ ሳይሰማ

ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንድ ነገር ሲለወጥ ወሬውን መጨረሻ የሚሰማው ኮምፒውተር ነው። እስቴ ተከፍላ አንዳቤት ራሷን የቻለች ወረዳ ስትሆን መካነ ኢየሱስ ገበያ ዶሮ የምትሸጠው ሴትዮ በዕለቱ ሰምታለች። ጉና በጌምድር ከፋርጣ ተቆርጣ ስትወጣም ክምር ድንጋይ ጠላ ቤት የተቀመጠው ሁሉ፣ አዲሱ ጽሕፈት ቤት በየትኛው ዳገት ላይ ቢሠራ እንደሚሻል ተከራክሮ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ ጨርሷል። ደብረ ታቦር ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ግን (ስሙን ተዉት፤ ሰዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው) የሠራተኛ መመዝገቢያው ተከፍቶ «ወረዳ» የሚለው ሳጥን ሲጫን የሚዘረዘሩት የድሮዎቹ ብቻ ነበሩ። ከአንዳቤት የመጣ ሰው ሁሉ በግድ እስቴ ይሆናል። አንዱ «እኔ እኮ አንዳቤት ነኝ» ቢል መዝጋቢዋ ወደ ስክሪኑ ዞር ብላ ፈለገችና «እዚህ አንዳቤት የሚባል አገር የለም» አለችው። ሰውዬው ጧት ከቤቱ የተነሣበትን አገር የለም ተባለ።

የሁሉም መረጃ በአንድ ላይ በሚቀመጥበት ሰርቨር ላይ እኮ አንዳቤት ከገባች ቆይታለች። የሌለችው መዝጋቢዋ ጠረጴዛ ላይ ባለው ፋይል ውስጥ ነው፤ ፎርሙን የሠራው ሰው የወረዳዎቹን ስም ከሰርቨሩ እንዲያመጣ በማድረግ ፈንታ እዚያው ፎርሙ ውስጥ በእጁ ጽፎ ሄዷል። የዛሬው ወጌ ከሰርቨር እስከ ጠረጴዛ ባለችው በዚህች አጭር መንገድ ላይ ነው። አጭር ናት ማለቴ ቀላል ናት ማለቴ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ የሚያውቅ ይዝለለው። ብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን መረጃቸውን ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ሲጀምሩ የጀመሩት በማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። አክሰስ ገበያ ላይ የዋለው በኅዳር 1985 ዓ.ም. ግድም ነው፤ ክልሎችን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 7/1984 ከወጣ ገና ዓመት ሳይሞላው። ስለዚህ ክልሉና አክሰስ እኩዮች ናቸው። ጠባዩ ደግ ነው፤ የኮምፒውተር ትምህርት ያልቀመሰ የሒሳብ ሠራተኛ እንኳ በማውዝ እየጎተተ ፎርም ይሠራበታል። ደግነቱ ግን ልክ አለው። አንዱ ፋይል ከ2 ጊጋ ባይት በላይ አይሸከምም፤ እዚያ ከመድረሱ በፊትም ሰው ሲበዛበትና ሥራ መሐል መብራት ሲሄድበት ይበላሻል። ደብረ ታቦር ላይ ሥራ መሐል መብራት ይሄዳል ብሎ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው።

በዚህ የተነሣ ከጊዜ በኋላ መረጃው የተጻፈባቸው ሠንጠረዦች ተነሥተው ኤስኪውኤል ሰርቨር ወደሚባለው ፕሮግራም ይገባሉ። ኤክስፕረስ የሚባለው ነጻው ዓይነት ለብዙ ዓመታት 10 ጊጋ ባይት ድረስ ሲይዝ ኖሯል፤ ለአንድ ዞን ሠራተኛ ስምና ደመወዝ ይተርፋል። ፎርሙና ሪፖርቱ ግን በየሰዉ ጠረጴዛ ላይ ባለው የአክሰስ ፋይል ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ባለሙያዎቹ ይህን ፍሮንት ኤንድ ይሉታል፤ እኔ የፊት ፋይል ብለው ማንም አይቀጣኝም።

የፊት ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ የሚያገኘው በሊንክ ነው። ሊንክ ሲባል ብዙ ሰው አክሰስ ሠንጠረዡን በቀጥታ አሻግሮ የሚያይ ይመስለዋል። ነገር ግን ሊንኩ በተሠራበት ቀን አክሰስ የሠንጠረዡን መልክ ገልብጦ ኪሱ ይከታል፤ የአምዶቹን ስም፣ ዓይነታቸውን፣ ርዝመታቸውን፣ ቁልፉ የትኛው እንደሆነ። መረጃው ሁልጊዜ ትኩስ ሆኖ ከሰርቨሩ ይመጣል፤ መልኩ ግን የዚያን ቀኑ ነው። በ1970ዎቹ ጎንደር ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሣውን ባለ ጎፈሬ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ዛሬ ራሱ እንደ መስታወት እያበራ «ይሄውላችሁ፣ እኔ ነኝ» የሚል አጎት በየቤቱ አለ። አክሰስ ያ አጎት ነው። ሰርቨሩ ላይ አምድ ይጨመራል፣ ይሰረዛል፣ ስሙ ይለወጣል፤ እሱ ፎቶውን ይዞ ቁጭ ብሏል። አንድ ሰው መጥቶ ሊንኩን «ሪፍሬሽ» እስካላደረገለት ድረስ ጎፈሬው አለ።

አሁን ወደ ጳጉሜ ልግባ፤ ሰርቨሩ ላይ አምድ ያስለወጠው ነገር ሥሩ እዚያ ነው።

መሥሪያ ቤቱ የሠራተኞቹን የቅጥር ቀን በእኛው አቆጣጠር ነበር የሚመዘግበው። ሌላ በምን ሊመዘግብ ኖሯል? ሠንጠረዡን መጀመሪያ የሠራው ሰው ግን ለአምዱ የአክሰስን የራሱን የቀን ዓይነት ሰጠው። አክሰስ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው፤ 12 ወር፣ ሁለተኛው ወር 28 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 29። በዚህ በኩል እኛ 12 ባለ ሠላሳ ወሮችና አንዲት ጳጉሜ ይዘን መጥተናል።

አብዛኛው ዓመት ሰላም ነው። 15/1 ተብሎ መስከረም 15 ሲጻፍ አክሰስ ጃንዋሪ 15 መስሎት ይቀበላል፤ እሱም ደስ ይለዋል፣ እኛም ደስ ይለናል። ችግሩ ጥቅምት ላይ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ወር ነዋ። ጥቅምት 30ን «ትክክለኛ ቀን አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ጥቅምት 29ን በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ያስገባል። መዝጋቢዎቹ መላ አላጡም፤ 28 ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ በዚያ መሥሪያ ቤት መዝገብ መሠረት ጥቅምት 28 መንግሥት ሰው ለመቅጠር የሚሽቀዳደምበት የተባረከ ቀን ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ግን በአገሩ ላይ ሥራ የሚባል ነገር ጠፍቶ ያድራል።

ጳጉሜ የባሰች ናት፤ ምክንያቱም እዚያ አክሰስ አይከለክልም፣ ይዋሻል። 5/13/1982 ተብሎ ሲጻፍለት፣ 13 የሚባል ወር የለምና ይህ ሰው ቀንና ወር አገላብጦ ጽፎ ነው ብሎ ለራሱ ይፈርድና፣ ማንንም ሳይጠይቅ ወር 5 ቀን 13 አድርጎ ያስቀምጠዋል። አምስተኛው ወር ጥር ነው። ጳጉሜ 5 የተቀጠረ ሰው ጥር 13 ተቀጥሮ ያድራል ማለት ነው። ጳጉሜ 1 መስከረም 13 ይሆናል፤ ጳጉሜ 2 ጥቅምት 13፤ ጳጉሜ 6 እንኳ የካቲት 13። በጳጉሜ የገባ ሁሉ በየወሩ 13ኛ ቀን ላይ ተሰልፎ ይቆማል። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ድምፅ የለ።

ይህ ጉድ የታወቀው አንድ አዛውንት ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ነው። የወረቀት ፋይላቸው የቅጥር ቀኑን ጳጉሜ 5 ቀን 1982 ዓ.ም. ይላል፤ ኮምፒውተሩ ጥር 13 ቀን 1982። ሲሰላ ኮምፒውተሩ 7 ወር ከ22 ቀን አገልግሎት መርቆላቸዋል። «ምን ይሻላል ጋሼ?» ተባሉ።

«እኔ ከኮምፒውተር ጋራ አልከራከርም» አሉ። «ተምሮ የመጣ ነው።»

ሰርቨሩን የሚይዘው ባለሙያ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ነገሩን ሲሰማ አፈረ። አምዱን በሦስት ቁጥር ተካው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት። እዚህ ድረስ የሚወቀስበት የለም፤ በእኛ አቆጣጠር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ብዙ አማራጭ የለም። ሦስቱንም «ባዶ ሊሆኑ አይችሉም» ብሎ አሠራቸው፤ ይህም ጥንቃቄ ነው። አሮጌውን አምድ ሰረዘው። እግረ መንገዱንም «ጡረታ ወጥቷል» የሚል አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ አንድ አምድ ጨመረ። ይህን ሁሉ የሠራው በሰኔ ወር፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ለቅዳሜና እሑድ ባሕር ዳር ወረደ።

ሰኔን ለማያውቅ፦ ሰኔ ላይ ሒሳብ ክፍል የሚያወራው ስለ 6111ና ስለ 6231 ብቻ ነው። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ 6231 ውሎ አበል። የልጆቹን ዕድሜ የሚያምታታ ሾፌር እንኳ 6231ን በእንቅልፍ ልቡ ይጠራታል። በዚያ ሰሞን የማንንም ጠረጴዛ መንካት አደጋ አለው።

ሰኞ ጧት መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ ደወሉልኝ። እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት የፊት ፋይሉን የምንከባከብ ነኝ፤ ሰርቨሩን አልነካም፣ እንድነካም አይፈቀድልኝም።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ስሜን ይጠይቀኛል።»

«እንዴት አድርጎ እትዬ?»

«ኔም? ኔም? ኔም? ይላል፤ ከላይ እስከ ታች። ይኸን ሁሉ ዓመት አብረን ኑረን ዛሬ ማነሽ ይለኛል?»

«እና ምን አሉት?»

«ጻፍሁለታ! ከነአባቴ። አልቀበል አለኝ።»

ያ «ኔም?» የሚል ምልክት አክሰስ ተስፋ ሲቆርጥ የሚያወጣው ነው። ኪሱ ባለው ፎቶ መሠረት «የቅጥር ቀን የሚባለውን አምድ ስጠኝ» ብሎ ሰርቨሩን ይለምናል፤ ሰርቨሩ «እንዲህ ያለ አምድ አላውቅም» ብሎ ይመልሳል። አክሰስ የጠፋውን አንዱን አምድ ብቻ ትቶ ሌላውን ማሳየት ሲችል ረድፉን በሙሉ በዚያ ምልክት ይሞላዋል። የጠፋው የቅጥር ቀን ነው፤ የማይታየው ግን ስሙም፣ ደመወዙም፣ ስልኩም።

የሚገርመው ሁሉም ቢሮ አንድ ዓይነት አለመታመሙ ነው። ንብረት ክፍል የሚጠቀመው ፎርም ከዚያ ሠንጠረዥ ስምና መታወቂያ ቁጥር ብቻ ስለሚጠይቅ ደኅና ዋለ፤ በዚህም ኮርቶ «እናንተ አያያዝ አታውቁም» እያለ ሲዞር አረፈደ። የሰው ሀብት ክፍል ደግሞ የቅጥር ቀን የሌለበት አጭር የመመዝገቢያ ፎርም አለው፤ እሱ ሠንጠረዡን ያነባል፣ የድሮ ሠራተኛ ያሳያል፣ አዲስ ሠራተኛ ግን አያስገባም። ፎርሙ ሦስቱን አዳዲስ አምዶች አያውቃቸውም፤ ሰርቨሩ ደግሞ ባዶ አልቀበልም ብሏል። ፎርሙ ያልሰማውን እንዲሞላ ተጠይቆ ነው። አዲስ አምድ ግዴታ ከሆነ መነሻ ዋጋ ይሰጠዋል፤ የድሮው የፊት ፋይል ሳያውቀው እንዲያልፍ። ወይም ሁሉም ጠረጴዛ እስኪታደስ ድረስ ባዶ ይፈቀድለታል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ይህቺ ቅደም ተከተል ብትያዝ ግማሹ የሰኔ ጩኸት አይኖርም ነበር።

ሊንኩን አደስሁ፣ ፎርሞቹን አስተካከልሁ፣ ሰላም ወረደ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። እውነተኛው ጠብ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ የአንድ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር ሊያርሙ ይሞክራሉ። «አስቀምጥ» ሲሉት አክሰስ እርስዎ ይህን መዝገብ እያረሙ ሳለ ሌላ ተጠቃሚ ለውጦታል ይላቸዋል። ቀና ብለው ዙሪያቸውን ያያሉ። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተር ከፍቶ የተቀመጠ ከእርሳቸው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በመስታወቱ ማዶ ያለው ሒሳብ ሹም። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ለውጦታል ተባሉ። ሌላ ሠራተኛ ሞከሩ፤ እሱንም ለውጦታል። ሒሳብ ሹሙ በዚያች ቅጽበት በመጥፎ ዕድሉ ፈገግ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከመዝገቤ ምን አለህ?»

«የምን መዝገብ?»

«ኮምፒውተሩ ነግሮኛል!»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ቀረ። ቡናው በሁለት ጀበና ሆነ። ሒሳብ ሹሙም በፈንታው አንድ ደመወዝ ሊያርም ሲል ያችው መልእክት መጣችበት፤ እሱም ያለ ጥርጥር እትዬን ጠረጠረ። ሁለቱም ከማስረጃ ጋር ነው የተጣሉት፤ ኮምፒውተር ምስክር የሆነበት ጠብ ለሽማግሌ አይመችም። የጽዳት ሠራተኛዋና ዘበኛው ገብተው «ተዉ፣ አንድ ቤት ነው» ቢሉም አልሆነም።

ማንም መዝገቡን አልነካም። ጥፋቱ የዚያች ትንሽ አምድ ነው፤ «ጡረታ ወጥቷል» የምትለው። መነሻ ዋጋ ስላልተሰጣት ለነበሩት ሠራተኞች በሙሉ ባዶ ሆና ቀርታለች። ሰርቨሩ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሦስት መልስ ያውቃል፤ አዎ፣ አይደለም፣ ዝም። አክሰስ ግን ዝምን አያውቅም፤ ባዶውን «አይደለም» ብሎ ያነበዋል። ለማስቀመጥ ሲሄድ ሰርቨሩን «ቅድም ሳየው ጡረታው 'አይደለም' ይል የነበረውን ረድፍ አምጣልኝ፣ ላርመው» ይለዋል። ሰርቨሩ ቢፈልግ ቢፈልግ እንዲያ የሚል ረድፍ ያጣል፤ የለማ! ባዶ ነው ያለው። አክሰስም «ካጣኸውማ ሰው ነክቶታል» ብሎ ይደመድማል። በእኛ ደጋ ዝምታ ከመልስ ሁሉ የከበደ መልስ ነው፤ ልጅ ተጠይቆ አባት ዝም ሲል ሽማግሌዎቹ ወዲያው ይገባቸዋል። አክሰስ ያደገው ሌላ አገር ነው።

መድኃኒቱ ይህን ያህል አልነበረም። ባዶዎቹን በ0 («አይደለም» ማለት ነው) መሙላት፣ ለአምዷ 0ን መነሻ ዋጋ አድርጎ መስጠት። ከዚያም በሠንጠረዡ ላይ «ሮው ቨርዥን» የሚባል አምድ መጨመር፤ ይህ ረድፉ በተነካ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ የሚለውጠው ማኅተም ነው፤ አክሰስ ማኅተሙን ካየ አምድ በአምድ ማወዳደሩን ይተወዋል። ሁሉም በሦስት መስመር ትእዛዝ ያልቃል። እትዬንና ሒሳብ ሹሙን ለማስታረቅ ግን ሦስት መስመር አልበቃም። ባለሙያው ራሱ ከፎቅ ወርዶ፣ መሐላቸው ቆሞ፣ «እኔ ነኝ የነካሁት» ማለት ነበረበት። እስከ ዛሬ ሒሳብ ሹሙ ሙሉ በሙሉ ነጻ የወጣ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ራስ ምታት። የታደሰው የፊት ፋይል አለ እንበል፤ እንዴት ብሎ በየጠረጴዛው ይድረስ? በዚያ ቤት የነበረው ሥርዓት ፍላሽ ነበር። አንድ ሰው ፍላሽ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞርና ዴስክቶፕ ላይ ይገለብጣል፤ አሮጌውን ግን ማንም አያጠፋም፣ «ምናልባት ቢያስፈልግ»። ስለዚህ የአንዳንዱ ሰው ዴስክቶፕ እንዲህ ይነበባል፦ ሠራተኛ፣ ሠራተኛ አዲሱ፣ ሠራተኛ አዲሱ የመጨረሻ፣ ሠራተኛ ዋናው የመጨረሻ፣ ይሄን ተጠቀሙ። ሰው የሚከፍተው የትኛውን እንደሆነ ገምቱ። የለመደውን፣ ከላይ በግራ ጥግ ያለውን፣ የመጀመሪያውን።

ይህን ለማስቀረት አንድ ጊዜ ሁሉም ሰው በኔትወርኩ የጋራ ፎልደር ውስጥ ያለውን አንዱን ፋይል እንዲከፍት ተወሰነ። ሐሳቡ ሲሰሙት ያምራል፤ አንድ ፋይል፣ አንድ መታደስ። ነገር ግን አክሰስ ፋይሉ እስከ ተከፈተ ድረስ አጠገቡ የመቆለፊያ ፋይል ያስቀምጣል፤ አንድ ሰው ብቻ ከፍቶት ከተቀመጠ በአዲስ መተካት አይቻልም። አንዲት ባልደረባችን ኮምፒውተሯን ክፍት ትታ እብናት ለቅሶ ሄደች። ለቅሶውም ትልቅ ለቅሶ ነበር። እስክትመለስ ድረስ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከአሮጌው ፋይል ጋር አብሮ አዘነ። በዚያ ላይ ብዙ ሰው አንድ የፊት ፋይል ላይ ሲሠራ ኔትወርክ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ፋይሉ ይታመማል። ለአክሰስ የሚበጀው የታወቀ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቅጂ፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ።

ነፋስ መውጫ ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። መስመር ሲኖር ይገናኛል፤ በሌለ ጊዜ ፍላሹ በመኪና ይሄዳል። ቻይናዎች በሠሩት በወረታ ወልድያ መንገድ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ክምር ድንጋይን አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ጉና ሥር በጉም ውስጥ ተጉዞ ጋይንት ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሰባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዚሁ ከደብረ ታቦር አንሥተው በጋይንት በኩል ጎትተው መቅደላ ያደረሱት መጋቢት ላይ ነው። የእኛ ፋይል ከመድፉ ይቀላል፤ ፍጥነቱን በተመለከተ ግን በዚያ ክረምት ብዙ አንበላለጥም ነበር። ፍላሹ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ደብረ ታቦር ላይ ሌላ አምድ ተጨምሯል።

የሚሠራው መላ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው፤ ለዚህም ነው የሚያናድደው። ሰርቨሩ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ያላት ትንሽ ሠንጠረዥ ትቀመጣለች፤ በውስጧ ዛሬ መከፈት ያለበት የፊት ፋይል ቁጥር አለ። የፊት ፋይሉም በሆዱ የራሱን ቁጥር ይይዛል። ሲከፈት መጀመሪያ ሁለቱን ያስተያያል፤ ካልተመሳሰሉ «አሮጌ ነኝ» ብሎ ራሱን ይዘጋል። ሠራተኛው ዴስክቶፕ ላይ የሚጫነው ሾርትከት ደግሞ ፋይሉን በቀጥታ አይከፍትም፤ ጥቂት መስመር ያላት ባች ፋይል ይቀሰቅሳል፤ እሷ ከጋራው ፎልደር ትኩሱን ገልብጣ ራሱ ኮምፒውተር ላይ ታስቀምጥና ያንን ትከፍታለች። ሠራተኛው ምንም አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ሊንኮቹን የሚያድሰው ኮድም ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ሠንጠረዦቹን በየተራ እየጠራ «ሪፍሬሽ ሊንክ» ይላቸዋል፤ አዲሱ ፋይል ከመታደሉ በፊት አንድ ጊዜ ይሮጣል። መስመር ለሌለበት ቅርንጫፍ ፍላሹ አይቀርም፤ ቢያንስ ግን ቁጥሩ ያልተመሳሰለ ፋይል መስመር በመጣ ቀን ዝም ብሎ አይዋሽም።

ሰርቨሩ በኩል ያለው ጨዋነት ደግሞ ይህ ነው፤ መጨመር ይቻላል፣ መሰረዝና ስም መለወጥ ግን ይዘገያል። ሠንጠረዡ የግድ መልኩን መለወጥ ካለበት በአሮጌው ስም ቪው (ሠንጠረዡን በድሮ መልኩ የሚያሳይ መስኮት) ይተከልና የድሮው የፊት ፋይል በዚያ በኩል ይግባ። ቪውም የራሱ አመል አለው። ሰርቨሩ ላይ «ሁሉንም አምድ» ተብሎ የተሠራ ቪው እሱም በተሠራበት ቀን ያየውን መልክ ይዞ ይቀራል፤ ሥሩ ያለው ሠንጠረዥ ሲለወጥ እሱንም መቀስቀስ ያስፈልጋል። አክሰስ ደግሞ ቪው ሲያያዝለት ረድፎቹን የሚለይበት ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል፤ በኮድ እንደገና ሲታሰር ያ መልስ ካልተነገረው እትዬ ማየት እንጂ ማረም አይችሉም። የአማርኛ ጽሑፍ የሚገባበት አምድም «ቫርቻር» ሳይሆን ዩኒኮድን የሚይዘው «ኤንቫርቻር» ይሁን፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ሳለ ዛሬም የአባቱ ስም አራት የጥያቄ ምልክት የሆነ ሠራተኛ አይቻለሁ።

«ለምን ይህን ሁሉ ወደ ዌብ አትቀይሩትም?» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። እውነቱን ነው። ጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ ሁለት የሚባለውን በዌብ የሚሠራ የመረጃ ሥርዓት ከወሰደ ወዲህ የሪፖርት ቅጹ አንድ ቦታ ሲለወጥ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ አዲሱን ያገኛል፤ ፍላሽ ይዞ የሚዞር የለም። ለሁሉም መሥሪያ ቤት እንዲያ ያለ ነገር ቢሠራለት ደስታዬ ነው። ነገር ግን ያ ገንዘብ ይፈልጋል፣ የበጀት ኮድ ይፈልጋል፣ ኮዱ ደግሞ 6231 ስላልሆነ የሚከራከርለት ሰው የለም። እስኪመጣ ድረስ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው በእነዚህ በአክሰስ ፎርሞች ነው፤ ብዙዎቹም ደኅና ተሠርተዋል።

በእኔ ፍርድ ጥፋቱ የአክሰስ አይደለም። ያልተነገረውን አላወቀም፤ ማንስ ያልተነገረውን ያውቃል? የመዝገብ ቤቷ እትዬም አይደሉም። ለውጡን ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ የመንገር ሥራውም የእሱ ነበር። ሠንጠረዥ የሚለውጥ ሰው ሥራውን የጨረሰው ትእዛዙ ሰርቨሩ ላይ በተሳካ ጊዜ ሳይሆን የመጨረሻው ጠረጴዛ በተከፈተ ጊዜ ነው፤ ነፋስ መውጫ ያለውም ጠረጴዛ ይቆጠራል።

ስለዚህ ሰርቨር የምትነኩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ልመናዬ አንዲት ናት። አምድ ልትሰርዙ ስትነሡ አስቀድማችሁ መዝገብ ቤት ደውሉ። እትዬ ስልክ ያነሣሉ፤ ብቻ ዓርብ 11 ሰዓት አይሁን፣ ሰኔም አይሁን።